«ሯጭ መሆን እፈልጋለሁ» ሲለን ምን እንበለው?

 

የታላቅ እህታችን ልጅ ከአሰላ ወደ እኛ ቤት የመጣው ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ አበባ እንዲማር ነበር። አባቱ ወደ አኼራ የሄደው ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሳደገችው። የመጣ ዕለት በእጁ የነበረው አንዲት አሮጌ ሻንጣ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶ፣ የአባቱ ሙስሐፍና በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጥንድ የመሮጫ ጫማ ብቻ ነበር። ሙስሐፉን በክብር ተቀብለን ከመደርደሪያው ላይኛው ክፍል አኖርነው። ጫማው በረንዳ ላይ ቀረ። ያን ዕለት ጫማውን ልብ ብለን አይተነው ቢሆን ኖሮ ከዓመት በኋላ የሆነው ነገር ያን ያህል ባላስደነገጠን ነበር።

ልጁ ጨዋ ነው፤ ሲጠሩት «አቤት» እንጂ «ምን» አይልም። ከፈጅር ሶላት በኋላ «ሒፍዝ አለኝ» ብሎ ይወጣል፤ ለቁርስ ይመለሳል። እኛም አልሐምዱሊላህ እያልን ደስ ብሎን ተቀምጠናል። ታዲያ አንድ ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ የመድረሳው ኡስታዝ ጠርተውን «ልጁ ታሟል እንዴ? ከቀረ ስድስት ሳምንት ሆነው እኮ» አሉን። በማግሥቱ ጠዋት ከበር ውጭ ቆመን ጠበቅነው። ጀርባው በላብ ርሶ፣ በእጁ ምንም ሳይዝ ከዳገቱ እየሮጠ መጣ። ሲያየን ቆመ፤ አንገቱንም ደፋ።

እዚህ ላይ የእኛንም ጥፋት እንናገር። አልመታነውም፤ አልሰደብነውምም። ጫማውን ግን ወስደን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት። ውሸቱንና ሩጫውን ለይተን ማየት ሲገባን ሁለቱን አንድ ላይ ቀጣን። ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ መድረሳው ተመለሰ። በአሥረኛው ቀን ባለቤታችን ጠርተውን የልጁን ተረከዝ አሳዩን። ከመድረሳ መልስ በኮንጎ ጫማ ሲሮጥ ሰንብቶ ቆዳው ተልጦ ቁስሉ አመርቅዟል።

«ጋሼ፣ መዋሸቴ ጥፋት ነው፤ ተውበት አድርጌያለሁ» አለን። «ሩጫው ግን ጥፋት ነው እንዴ? ሐራም ከሆነ ይንገሩኝና ልተወው።»

ሌሎች ልጆች ስንት ጥያቄ ሲጠይቁን መልስ አጥተን አናውቅም። ያን ዕለት ግን ዝም አልን።

በየቤታችን ለዚህ ዓይነቱ ልጅ የምንሰጠው መልስ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው «ሩጫ እንጀራ አይሆንም፤ አርፈህ ተማር» የሚለው ነው። ሁለተኛው በቴሌቪዥን የሽልማቱን ገንዘብ ከሰማን ወዲህ የመጣው ነው፤ «በርታ ልጄ፣ አንተ ሮጠህ ሁላችንም ያልፍልናል» የሚለው። የመጀመሪያው የልጁን ልብ ይሰብራል። ሁለተኛው ደግሞ ገና ጢሙ ባልወጣ ልጅ ጫንቃ ላይ የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ይጭናል። ሁለቱም የልጁን ጥያቄ አይመልሱም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ከዒሻእ በኋላ ቤተሰቡን ሰብስበን የሰለማ ኢብኑ አል-አክወዕን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገርናቸው። ሰለማ ከሶሓቦች መካከል በእግር ሩጫ የታወቁ ነበሩ። ዘራፊዎች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሎች በነዱ ጊዜ በፈረስ የሚሸሹትን ሰዎች በእግራቸው ተከታትለው ቀስት እየወረወሩ አስጨንቀዋቸዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከእግረኞቻችን ሁሉ በላጩ ሰለማ ነው ብለው አመስግነዋቸዋል። ልጁን ዓይኑን ያስፈጠጠው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ መዲና ሲመለሱ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ አንሷሪ «እስከ መዲና የሚሽቀዳደመኝ አለን?» እያለ ይጣራ ጀመር። ሰለማም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አስፈቅደው ከግመል ዘለው ወረዱ። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዳገቶች ላይ ትንፋሻቸውን ለመቆጠብ ራሳቸውን ይዘው ከኋላ ሮጡ። ከዚያ ፍጥነት ጨምረው ደረሱበትና በትከሻዎቹ መካከል መታ አድርገው «ተቀደምክ!» አሉት፤ ቀድመውትም መዲና ገቡ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ታክቲክ ነው!» አለ ልጁ። ከተረከዙ ቁስል ወዲህ ሲስቅ ያየነው ያን ዕለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሁለት ጊዜ መሽቀዳደማቸውን፣ መጀመሪያ እርሷ ቀድማቸው በኋላ እርሳቸው እንደቀደሟት ስንጨምርለት ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ባለቤታችን ነበሩ የሳቁት። ጫማውን ያን ማታ መለስንለት።

ነገር ግን ሩጫ ሐላል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በሩጫ መተዳደር ሌላ ነው። ይህንን በምክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ የሩጫ ሰዓት መያዣ ተውሰን፣ ባለ አራት መቶ ሜትር መም ያለበት ሜዳ አስፈቅደን አንድ እሑድ ጠዋት ወሰድነው። ከመሄዳችን በፊት ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ሠራን። ኢብራሂም ጄይላን እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ሞ ፋራህን መጨረሻ ላይ ቀድሞ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ የወሰደበት ጊዜ 27 ደቂቃ ከ13.81 ሰከንድ ነው። ያ 25 ዙር ነው። ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዙር ከ65 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ እ.ኤ.አ. በ2020 በቫሌንሲያ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ደግሞ 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር፤ ወደ 63 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። «እስቲ አንተ በ65 ሰከንድ ስንት ዙር ትሄዳለህ?» አልነው።

ሦስት ዙር ሄደ። አራተኛውን በ71 ሰከንድ ጨረሰ። አምስተኛው ላይ መሐል ሜዳ ሄዶ ተቀመጠ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ በአዲስ አበባ አየር ላይ ይህ መጥፎ እንዳልሆነ በኋላ የጠየቅናቸው የስፖርት መምህር ነግረውናል። ልጁ ግን ሳሩን እየነቀለ «ሃያ አንድ ዙር ቀረኝ» አለ። ተስፋ ቆርጦ አልነበረም የተናገረው፤ እየቆጠረ ነበር። ያኔ ልጁን ማክበር ጀመርን ብንል ሐሰት አይሆንም።

አሰላ ተወልዶ ስለ መሐመድ አማን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት መሐመድ ከድር እ.ኤ.አ. በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ልጁ እነዚህን ስሞች በቃሉ ይዟል። እኛ ያሳየነው ደግሞ ስሞቹ የማይሰሙበትን ወቅት ነው። ሙክታር ኢድሪስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ ሞ ፋራህን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት በ5,000 ሜትር ቀደመው። በ2019 ዶሃ ላይ ድሉን ደገመው። ይህ የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በዚያው ርቀት ከተሰለፉት ኢትዮጵያውያን መካከል አልነበረም። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት የምታሰልፈው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከደቡብ ማልዶ የሚነሳው ወጣት ሁሉ የሚሮጠው ለእነዚያ ሦስት ቦታዎች ነው።

«ስለዚህ ትምህርትህን አጥብቀህ ያዝ» ልንለው አፋችንን ስንከፍት ልጁ ቀደመን። «ጋሼ፣ ትምህርቱስ?» አለ። እውነቱን ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ አስተማሪ አልነበረም፤ እኛም ደንግጠናል። ትምህርት ሰፊ ጎዳና፣ ሩጫ ቀጭን መንገድ ነው ብለን ልናስፈራራው አልቻልንም። ሁለቱም ጠባብ ናቸው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ እግር በሃያ ዓመት ሊሰበር ይችላል፣ ያነበቡት ግን በሃያ ዓመት አይሰበርም። ይህንን ተቀበለ፤ ወይም የተቀበለ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ስምምነት አደረግን። ሒፍዙ ከፈጅር በኋላ ይቀጥላል፤ ልምምዱ ከዐስር በኋላ ይሆናል። የክፍል ውጤቱ ከወረደ ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ይሆናል እንጂ ፈጽሞ አይቋረጥም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገቡልን ባለቤታችን ናቸው፤ ልጆች የሚወዱትን ነገር ጨርሶ መንጠቅ ወደ ውሸት እንደሚመልሳቸው አይተናል ብለው። ሱሪውም ተነሳ። የሯጭ ቁምጣ ጭንን እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማ ደግሞ የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው ብለዋል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ሱሪ ከሥር እየለበሰ ከላይ ሰፋ ያለ ቁምጣ ያጠልቃል። መጀመሪያ ጓደኞቹ ስቀውበት ነበር፤ በክረምቱ ብርድ ሦስቱ እንደ እርሱ ለበሱ።

ረመዳን ትንሽ አስቸግሮናል። ልጁ «ስፖርተኛ ማፍጠር ይችላል» የሚል ወሬ ከሆነ ቦታ ሰምቶ መጣ። ያማከርናቸው ዓሊም እንዲህ አስረዱን፤ ሩኽሷው ለታመመና ለመንገደኛ ነው፣ በከተማው ተቀምጦ የሚለማመድ ጤነኛ ወጣት መንገደኛ አይደለም። ስለዚህ ከጾሙ ጋር የሚሄድ ልምምድ መፈለግ ነበረብን። ከመግሪብ በፊት ባለው አርባ ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ወዲያው በተምርና በውኃ ማፍጠር፤ ከባዱ ልምምድ ከተራዊሕ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ሱሑር ላይ በሶው አገልግሏል። ከዓመታት በፊት በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ይጫወት ስለነበረው ስለ ሐኪም ኦላጁዎንም ነገርነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ረመዳን በየካቲት ወር ውሎ ሳለ እየጾመ ተጫውቶ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ልጁ ለጓደኞቹ ሲያወራው እኛ ከነገርነው ትንሽ አስበልጦ ነበር፤ አርመነዋል።

የልጁ ታናሽ እህት ለዕረፍት ስትመጣ ይህንን ሁሉ ሰምታ «እኔስ?» አለች። አዳማ ተወልዳ በአሥራ አምስት ዓመቷ በስደት የወጣችው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ለኔዘርላንድስ አሸንፋ ወርቁን ሒጃብ ለብሳ ስትቀበል እርሷም አይታለች። በዚያው ውድድር አስተናጋጇ ፈረንሳይ የራሷን ሴት ስፖርተኞች ሒጃብ ከልክላ ነበር። የልጅቱ ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ በሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ ራሱን አስችለን እንጽፍበታለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት 12ኛ ክፍል ሳለ ከአንድ ቡድን መጣሁ ያለ ሰው ልምምዱን ሦስት ጊዜ አየና ቤታችን ድረስ መጣ። ሻይ ቀረበለት። ንግግሩ ጣፋጭ ነበር። «ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ እንይዘዋለን፤ ደሞዝም ይኖረዋል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓመት ብቻ ትቀንሱለታላችሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት ከታዳጊዎቹ ጋር ከሮጠ አንደኛ ነው። በእውነተኛ ዕድሜው ከሄደ ከትልልቆቹ ጋር ይጠፋል» አለ። እኛ «ይህማ ውሸት ነው» ስንለው አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ ሁሉም ያደርገዋል» አለን።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ልጁ አልተናገረም። ማታ እህታችን ከአሰላ ደወለች። ሰውየው ስልኳን ከልጁ ተቀብሎ ደውሎላት ኖሯል። «ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ማንን ይጎዳል?» አለች። «ወገቤ እኮ አለቀ። ምጣዱ ፊት ስንት ዓመት ልቀመጥ?» እያለቀሰች ነበር። ዲን የሚያውቅ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የእህቱን ልቅሶ በስልክ ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። የየቲም አደራ በእጃችን ነው። እምቢ ብንል በልጁ ሪዝቅ ላይ የቆምን እንመስላለን፤ እሺ ብንል በውሸት ወረቀት ላይ ምስክር እንሆናለን። ያን ሌሊት አልተኛንም።

ጠዋት «አይሆንም» አልን። ለእህታችን በየወሩ የምንልከውን ጥቂት ጨመርንላት፤ የቤታችንን ኑሮ ለሚያውቅ ቀላል አልነበረም። ለልጁም ያለውን ነገርነው። ዕድሜውን የቀነሰ ሯጭ ዕድሜ ልኩን ወረቀቱን ሲፈራ ይኖራል። በሐሰት ዕድሜ የተገኘ ውጤት አንድ ቀን ይሰረዛል፤ ቅጣትም ያስከትላል። ዛሬ ስለ ዕድሜ የዋሸ ነገ «ቪታሚን ነው» ተብሎ መርፌ ሲሰጠው የሚመልስበት አንደበት አይኖረውም። በአበረታች መድኃኒት ሕግ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ሯጩ ነው፤ አሰልጣኝ ሰጥቶኝ ነው ማለት ብቻውን አያድነውም። እንዲህ እያልን ብዙ ተናገርን። ከነገርነው ሁሉ አንዱም ልቡ አልገባም።

ሦስት ሳምንት አላናገረንም። ሰላምታ ይመልሳል፤ ይሰግዳል፤ ይበላል፤ ይወጣል። ከዚህ በላይ ቃል የለም። በእነዚያ ቀናት ስለ ሞ ፋራህ ደጋግመን እናስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ እንዳደረገው በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ የገባው በሌላ ልጅ ስም ነው። እውነተኛ ስሙ ሑሴን ዐብዲ ካሂን ነበር። እውነቱን የነገረው ለስፖርት መምህሩ ለአለን ዋትኪንሰን ሲሆን መምህሩም ከደረሰበት ችግር እንዲወጣ ረድተውታል። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በንግሥቲቱ የክብር ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ያ ስም እስከ ትልቅ ሰውነቱ ድረስ ከብዶት ኖሯል። እርሱ ተገዶ ነው፤ ሕፃን ነበር። የእኛው ልጅ ግን ዐዋቂ ሆኖ በገዛ እጁ ሊፈርም ነው። ይህንንም ልንነግረው ፈልገን ነበር፤ ጆሮ እንደማይሰጠን ስላወቅን ተውነው።

አንድ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ራሱ መጣ። ከመደርደሪያው የአባቱን ሙስሐፍ አውርዶ ይዞ ነበር። ቁጭ አለና እንዲህ አለን፦

«ጋሼ፣ አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። በትከሻው ተሸክሞኝ ለዒድ ሶላት መሄዱን አስታውሳለሁ። አሁን ሁለት ዓመት ብቀንስ፣ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር ማለት ነው። ሰው አራት ዓመት ሳይሆነው ያየውን እንዴት ታስታውሳለህ ቢለኝ ምን እላለሁ? አስታውሳለሁ እኮ።»

እኛ ያን ሁሉ ስንናገር እርሱ በሌላ በኩል ሄዶ ነበር። ስልኩን አንስቶ ለእናቱም ያንኑ ነገራት። ምን እንዳለችው አልሰማንም፤ ረጅም ሰዓት አወሩ።

ለሰውየው እምቢ ተባለ። ልጁ በእውነተኛ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በታች በሆኑት ምድብ በአንድ የማጣሪያ ውድድር ሮጦ አሥራ አራተኛ ወጣ። የወሰደው ቡድን የለም። ከፊቱ ከነበሩት መካከል ስንቶቹ በእውነተኛ ዕድሜያቸው እንደሮጡ አላህ ያውቃል፤ እኛ አንጠረጥርም፣ ልጁም ያንን ወሬ እቤት ውስጥ እንዲያነሳ አልፈቀድንለትም። ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈተነ፤ አልፏል፤ አልሐምዱሊላህ። የስፖርት ሳይንስ መማር ጀምሯል። ከልምምዱም አልተለየም። አሁን አንድ አሰልጣኝ ያለ ክፍያ በሳምንት አራት ቀን ያሠሩታል። ውል የሚባል ነገር ቢመጣ የሱረቱል በቀራን 282ኛ አንቀጽ ያስታውስ ዘንድ ደጋግመን ነግረነዋል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍና ስለ ምስክር ነው። እርሱ እንደሆነ ቀድሞ በቃሉ ይዞታል።

ባለፈው እሑድ ሰዓት መያዣውን ተውሰን ወደዚያው ሜዳ ወሰድነው። በ65 ሰከንድ ሰባት ዙር ሄደ። ስምንተኛውን በ68 ጨርሶ ወደ እኛ መጣና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አሥራ ሰባት ቀረ» አለን፤ ውኃውንም ተቀበለን።